ገላጋይ ያጣ ደም

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፤ ጠዋት 3፡00

ክቡር ደብተር ሆይ፣ ዛሬም ዣንጥላዬን ንፋሱ ወሰደው። በሳምንት ሁለተኛ ጊዜ። ከፍ/ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ የአንድ በሬ ጉዳይ እጽፋለሁ። በሬው የጎረቤት የገብስ ክምር በላ፤ ባለቤቱ ካደ፤ በሬው ዝም አለ። «በዝምታው አምኗል» ብዬ ልጨምር ስል ቀና አልኩ።

እናኑ። እኅቴ። ከወገዳ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ። ልጇን ታቅፋ አንድ ፌስታል ይዛለች። የሦስት ዓመት ትዳር በአንድ ፌስታል ተጠቃሎ መጣ።

ሻይ አዘዝኩላት። አልጠጣችም። የሆነውን ነገረችኝ። አማቷ ወ/ሮ ጥሩወርቅ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ከደጅ አቁመው «ሾተላይ አለባት፤ የእናቷ አጥንት በሽታ ነው፤ ልጄን ዘር አልባ ልታደርገው ነው» ብለዋታል። ባልዬው ደሳለኝ የት ነበር? እዚያው። ምን አለ? ጫማውን አየ።

ሾተላይ ማለት፣ ደብተር ሆይ፣ የሴት ደም ውስጥ ተቀምጦ የወለደችውን የሚቀጥፍ ነገር ነው ይላሉ። በወንድ ደም አይገኝም። በወንድ ደም ውስጥ የሚገኘው ርስትና ጀግንነት ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በሁለት ወሩ ሞተ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት፤ ማስተዋል፣ አራት ወሯ። ገላዋ መግል በቋጠሩ ሽፍታዎች ተሸፍኗል። ጉልበቷና ጎድኗ አብጧል። ሲያነሷት ታለቅሳለች፣ ሲያስቀምጧት ታለቅሳለች። በወገዳ ጤና ጣቢያ ሦስት ጊዜ የተሕዋስ ማጥፊያ መድኃኒት ሰጥተዋታል። ምንም።

ማመልከቻውን አሁኑኑ እከፍታለሁ። አመልካች፦ እኔ ሞላ፣ የድጓውን ትምህርት በቤተ ልሔም ግማሽ ላይ ጥሎ የወጣ፣ ሰው ግን ለማሾፍ መሪጌታ የሚለው፣ የንፋስ መውጫ (ን/መውጫ) ማመልከቻ ጸሐፊ። ተጠሪ፦ ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ አድራሻ ስማዳ ወረዳ፣ ወገዳ። የተጠየቀው ዳኝነት፦ ተጠሪ በአደባባይ አፈር እንዲቅሙ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፤ ባሕር ዳር

ሆስፒታል። አግዳሚ ወንበር ላይ እጽፋለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከእኔ ታንሳለች፤ አንቱ አልኳት፤ ከልክላኛለች። ልጅቱን ልብሷን አውልቃ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራሷ አየች። ራጅ አስነሳች። ከመግሉ ወስዳ አስመረመረች። መግል አለ፣ ተሕዋስ የለም። ሌባ የሌለበት የ«ሌባ! ሌባ!» ጩኸት።

ከዚያ ተቀምጣ አስረዳችን። እሷ ኢንተርሉኪን ምናምን አለች። ወደ ን/መውጫ ቋንቋ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሳቀች፤ ተቀበለችው። እንዲህ ነው፦ ሰውነት ሲጎዳ እሪ የሚል አለ። እሪታው ደግ ነው፤ ሰፈሩ ዱላ ይዞ ይወጣል፣ ቁስሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይተኩሳል፣ ሌባው ይባረራል። ሌላ ደግሞ ገላጋይ አለ። እሪ ባዩ የሚያንኳኳው በር ላይ ቀድሞ ይቆምና አላስገባም ይላል። ሰፈሩ ይበርዳል። ይህ ገላጋይ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው ከወላጅ የሚወረስ ጽሑፍ ነው፤ ጂን ይሉታል። ጽሑፉ ከተበላሸ ገላጋይ የለም። ሰፈሩ እንደወጣ ይቀራል። ሌባ ሲያጣ የራሱን ቤት ይደበድባል። የማስተዋል አጥንት ላይ እየወረደ ያለው ዱላ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ፈጽሞ የሚጠፋው በጥቂት ሰው ነው አለች። ግን የማንም ገላጋይ ከማንም ጋር አንድ አይደለም። የአንዱ ቶሎ ደራሽ፣ የሌላው ዘገምተኛ። መገጣጠሚያና አንጀት የሚያቃጥለው ብዙ ሕመም በዚሁ ልዩነት በኩልም ይገባል። የኔን አሰብኩ። የኔ ገላጋይ ገና ከቤቱ አልወጣም።

ከዚያ ያን ቃል ተናገረች። ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ሰውየው ሳያውቀው በጤና አርጅቶ ይሞታል። ልጅ እንዲህ የሚታመመው ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ነው።

ከወንበሬ ተነሣሁ። እንደገና እንድትለው ለመንኳት። አለችው። ከአባትም።

ከአባትም! ከድጓው ሁሉ እንዲህ የጣመኝ ዜማ የለም። እናኑ ግን አልሰማችም። ልጄ ትድናለች ወይ ብላ ትጠይቃለች። የጎደለውን ገላጋይ የሚተካ መርፌ ውጭ አገር አለ፤ በየቀኑ የሚወጋ። ላፈላልግ አለች ሐኪሟ። ለማረጋገጥ ግን የሁለቱም ወላጅ ደም ወደ ውጭ መላክ አለበት።

የደሳለኝ ደም። እንዴት ያለ ሥራ ተሰጠኝ!

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ለወገዳ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ጨዋ ነበር። መልሱ በገበያተኛ አፍ መጣ፦ የእኛ ደም ንጹሕ ነው፣ ለወረቀት አንሰጥም፣ በሽታችሁን እዚያው።

ጨዋነት አበቃ። ሁለተኛው ደብዳቤ፣ ቃል በቃል፦ «ደማችሁ እንዳይታይ የፈራችሁ መሆኑን በታላቅ አክብሮት ተረድተናል። ምክንያቱን ለሚጠይቀን የገበያ ሰው ሁሉ ይህንኑ በትሕትና እናስረዳለን።»

በሦስት ግልባጭ። አንዱ ለደብራቸው አስተዳዳሪ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ፤ ባሕር ዳር

መጡ!

ወ/ሮ ጥሩወርቅ ከፊት፣ የጥምቀት ልብሳቸውን ለብሰው። ደሳለኝ ከኋላ፣ ጫማውን እያየ። ገና ሳይቀመጡ ክንዱን ይዘው ለሐኪሟ ገፉላት፦ «ቅጂ! ሙሉ ጠርሙስ ቅጂ! ንጹሕ ደም አይታችሁ ካላወቃችሁ እዩ!»

ሐኪሟ የምትፈልገው ትንሽ ብልቃጥ ነው። መርፌው ሳይነካው ደሳለኝ ወደቀ። ንጹሑ ደም ወደ እግሩ ወርዶ ነበር። ነርሷ እግሩን አንሥታ ደሙን ቀዳች። እናትየው በነጠላቸው ያራግቡታል። «ጾም ስለሆነ ነው» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

እኔም ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ። «እንኳን ደኅና መጡ፣ እመቤቴ፤ ስለ ልግስናዎ ታሪክ ይዘክርዎታል» አልኳቸው። «አንተ ደሞ ምላስህን ይመርምሩልህ!» አሉኝ። ነርሷ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። ነጥብ ለተጠሪ። መዝግቤያለሁ።

አንድ ነገር ግን፤ ስለማልዋሽህ። ሲወጡ ማስተዋልን አዩአት። ባልታየሁ ብለው፣ በጎን። እጃቸው ወደ ልጅቱ እግር ሄደና መንገድ ላይ ተመለሰ። ይህን መጻፍ አልፈለግኩም ነበር።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

መርፌው ከመጣ ሳምንት አለፈው። ሐኪሟ ለማን ለማን እንደለመነች እንጃ፤ ውጤቱን ሳትጠብቅ አመጣችው። መሥራቱ በራሱ ምርመራ ነው ብላለች። ከክትባት ጋር በን/መውጫ ጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ በረዶ ፍለጋ እንደ እብድ እሮጣለሁ። እናኑ መውጋት ተማረች። የመጀመሪያውን ቀን ነርስ እጇን ይዛላት ወጋች፤ ሁለተኛውን ቀን ብቻዋን።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ እንቅልፍ ወሰዳት። እስክትነቃ ሁለታችንም ትተነፍሳለች ወይ እያልን ተቀመጥን። በሳምንቱ ሽፍታው ደረቀ። ዛሬ ጠዋት አነሣኋት፤ አላለቀሰችም። ጢሜን ያዘች፤ ጎተተች። ዓይኔ አለቀሰ። ንፋስ ነው። ን/መውጫ መሆኑ ይያዝልኝ።

እና ወዲያው ተናደድኩ። ያኛው ልጅ፣ የሞተው፣ የጎደለው ይሄ ብቻ ኖሯል? ለሱ ግን መርፌ ፈላጊ አልነበረም፤ እናቱን «ሾተላይ» የሚል ብቻ ነበር። ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ ይጠብቁኝ።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ውጤት። ሁለቱም!

እናኑ አንድ የተበላሸ ቅጂ አላት፣ ደሳለኝ አንድ የተበላሸ ቅጂ አለው፣ ማስተዋል ከሁለቱም ወሰደች። በደብዳቤ፣ በማኅተም። ከሆስፒታሉ እስከ መናኸሪያ በእግሬ ሄድኩ፤ ባጃጅ ለደስታዬ ጠበበኝ። ንግግሬን ጮክ ብዬ ተለማመድኩ፦ «ወገኖቼ፣ ንጹሕ ደም በጠርሙስ ይቀዳ የተባለበት ክንድ ይኸውና!» አንድ የፍየል ነጋዴ ቆሞ ሰማኝ፤ አጨበጨበ።

ትንሽ ነገር ብቻ። ሐኪሟ ባልና ሚስቱ ዘመድ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀች። ደነገጥኩ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ? እኛ ዘንድ? እስከ ሰባተኛ ትውልድ በሁለቱም ወገን ተቆጥሮ፣ በሽማግሌ ፊት ተነቦ ነው የተጋቡት። የእኛን ወገን የቆጠርኩት እኔ፣ የጻፍኩት እኔ፣ ራስጌው በቀይ ቀለም።

ወረቀቱን እንደገና አየች። ከዚያ ስሕተቱ በሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ነው አለች። እንዲህ ያለው አልፎ አልፎ ካልሆነ በቀር ከአንድ ምንጭ ነው የሚመጣው።

እንግዲያው ቆጠራው ላይ የዋሸ አለ። ማን? እኔ ሳልሆን እነሱ! አያት ደብቀዋል! ማመልከቻው ላይ ሁለተኛ ክስ ጨምሬያለሁ፦ ሐሰተኛ የዘር ማስረጃ ማቅረብ። ምስክር ፍለጋ ወደ እስቴ እሄዳለሁ። የአያቴ ታናሽ እኅት እማሆይ እዚያ ገዳም አሉ። ከዘመዶቻችን የሚያስታውስ ሰው እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ፤ እስቴ

እጄ መጻፍ አልፈለገም። ግድ ነው።

እማሆይ ከደጃፋቸው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ደኅና ነው፤ ምላሳቸው ከእኔ ይብሳል። ቆጠራዬን አነበብኩላቸው፤ በዜማ ማለት ይቻላል። ከእኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ አያቴ፣ ከአያቴ ወደ ባላምባራስ እንግዳና ወደ ቁርባን ሚስታቸው ወ/ሮ አመተ ማርያም፣ የቤተ ልሔም ካህናት ልጅ...

«ከማን አልክ?» አሉኝ።

«ከወ/ሮ አመተ ማርያም።»

ሳቁ። መቋሚያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ እሷማ መካን ነበረች!»

ደብተር ሆይ፣ ይህን ደግመህ አንብበው። ከመካን ሴት ተወልደን በቀይ ቀለም ተጽፈናል።

የወለደችን የውብዳር የምትባል ሴት ናት። ባላምባራስ ከስማዳ ያመጧት፣ ቁርባን ያልነበራት፣ ጓዳ የምትውል። የአያቴም የእማሆይም እናት። ልጆቿ አድገው ሲከብሩ ስሟን ተዉት፤ የካህናት ልጅ እያለች ማን የጓዳ ሴት ይቆጥራል? አባቴም ያወራልኝ ስለ አመተ ማርያም ነበር። ጠየቅኩ? አልጠየቅኩም። ስሙ ያምራል። በወገዳ ሽማግሌዎች ፊት ሳነብበው ደረቴን ነፍቼ ነበር። ወ/ሮ ጥሩወርቅ ራሳቸው «ይሄስ አጥንት ነው!» ብለው ነበር።

የውብዳር የማን እኅት ናት? አልኳቸው። በልቤ አውቄዋለሁ። የወገዳው ፊታውራሪ እኅት። የወ/ሮ ጥሩወርቅ አያት እኅት።

በጣቴ ቆጠርኩ። እናኑና ደሳለኝ አራት ቤት ላይ ይገናኛሉ። ሰባት የተባለው አራት ነው። የዋሸው ወገን የኔ ነው። ጸሐፊውም እኔ።

ለምን አልነገሩንም አልኩ፤ ጮህኩባቸው ማለት ነው። «ማን ጠየቀኝ? ለሰርጉ ጸልዩ ብላችሁ ብቻ ላካችሁብኝ። ጸለይኩ።»

የካቲት 6፣ ዓርብ

ፈጣሪ ቀልድ ያውቃል።

ዛሬ ከአጥሩ ሥር ሁለት የእስቴ ሰዎች መጡ። የእማሆይ ሌላ ወንድም የልጅ ልጆች፤ የኔም ዘመዶች፤ እነሱም «የአመተ ማርያም ልጆች»። ታናሽ እኅታቸው ታጭታለች። ለማን? ለወገዳው ደሳለኝ! ወ/ሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ከእናኑ በሽማግሌ አፋትተው፣ ጥፋቱ የማን እንደነበር ለአገር ሊያሳዩ አዲስ ሙሽራ መርጠዋል፤ ጤነኛ፣ ደልዳላ፣ ከጨዋ አጥንት፤ ሾተላዩን በእናታችን ወገን ስላሳበቡ የአመተ ማርያም አጥንት ለሳቸው እንደ ከበረ ነው። የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት ቀን ወገዳ ላይ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ወረቀቱን እንድጽፍላቸው መጡ። «የእናኑን ጊዜ የጻፍከው አምሮ ነበር፤ ያንኑ ድገመው» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ሳቅሁ። ሲሄዱ ያንን የጻፈውን እጄን ተመለከትኩ።

ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም እኮ። ያንኑ በቀይ ቀለም መገልበጥ ብቻ። ልጅቱም የየውብዳር ዘር ናት፤ ያው የተበላሸ ጽሑፍ ሊኖርባት ይችላል፣ ላይኖርባትም ይችላል። ካለባት ወ/ሮ ጥሩወርቅ የራሳቸውን የልጅ ልጅ ታቅፈው እሪታውን ይስሙት። በደጃቸው፣ በጎረቤታቸው ፊት። ያኔ ማንን ሾተላይ ይላሉ? ከዚህ የጣፈጠ በቀል በየትኛው ችሎት ይገኛል? ዝም ማለት። በሬው እንኳ ችሎታል።

ቢነገርስ? ወ/ሮ ጥሩወርቅን የማድናቸው እኔ ነኝ። ቆጠራዬ ሐሰት፣ የካህናት አጥንቴ ሐሰት፣ አገሩ ይስቅብኛል። ከዚህ አጥር ሥር ማን ማመልከቻ ያስጽፈኛል?

ልገለብጠው ነው። ቀዩን ቀለም በጥብጫለሁ።

የካቲት 9፣ ሰኞ፤ ጠዋት 1፡30

ለእናኑ ነገርኳት። ሁሉንም። መካኗን፣ የውብዳርን፣ የእስቴዋን ሙሽራ፣ ዝምታዬን። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እንደ ስጦታ ነው ያቀረብኩላት።

ልጅቱን እየወጋች ነበር። ጨረሰች። ጥጡን ያዘች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«አያ ሞላ፣ ያቺ ልጅ ምን አደረገችህ?»

እኔ ከአሮጊቷ ጋር ነው አልኩ። በቀሉ ለሷ መሆኑን አስታወስኳት።

«ለኔ?» አለች። «ሾተላይ የሚለውን ስም ከኔ ላይ አንሣልኝ አልኩህ እንጂ ለሌላ ሴት አሸክምልኝ መቼ አልኩህ? ሣጥኑን እኮ ተሸክመኸዋል አንተ። አልከበደህም ነበር?»

የመጀመሪያውን ልጅ ሣጥን ማለቷ ነው። አልከበደኝም ነበር። ቀላል ነበር። ያ ነው የከበደኝ።

ባሏን አትፈልገውም፤ በፍቺው ጊዜ በሽማግሌ ተጠይቃ ጨርሳለች። ጫማ የሚያይ ሰው በቃኝ አለች። ስሟን ግን ትፈልገዋለች፤ በተነጠቀችበት ደጅ፣ በዚያው ጎረቤት ፊት። ከዚያ ልጅቱን አስታቀፈችኝና ውሃ ልትቀዳ ወጣች።

ማስተዋል ጢሜን ያዘች። ቀዩ ቀለም ደርቋል።

የካቲት 13፣ ዓርብ

እውነተኛውን ቆጠራ አምስት ጊዜ ጻፍኩ፣ አምስት ጊዜ ቀደድኩ። በአንደኛው ስሕተቱን በአባቴ ላይ ጣልኩ። በሁለተኛው «በጸሐፊው ቸልተኝነት» አልኩና ጸሐፊው ማን እንደሆነ ረሳሁ። በሦስተኛው በግእዝ ሸፈንኩት። ማምለጫ እኮ ሞልቷል፤ ኑሮዬ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ንዴቴ አልበረደም። ሐኪሟን በስልክ ጠየቅኳት፤ እኔም አንዱ የተበላሸ ቅጂ ሊኖርብኝ ይችላል አለች። ለንዴት ግን መርፌ የላትም።

የካቲት 16፣ ሰኞ፤ ወገዳ፤ ጠዋት 4፡00

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ግራር ሥር። ቅዳሴ ወጥቷል። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። እናኑ መጥታለች፤ ነጭ ለብሳ፣ ማስተዋልን አዝላ፣ ልክ ከወ/ሮ ጥሩወርቅ ፊት ለፊት ቆማለች። ጎረቤቱ ሁሉ የልጅቱን ፊት እያየ ያንሾካሽካል። ሽፍታ የለም። «ይቺ ያቺው ናት?» አለች አንዷ። ያቺው ናት።

የእስቴዋ ሙሽራም አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። ነጠላዋን እያስተካከለች ትስቃለች። ምንም አላደረገችኝም።

ደሳለኝ አለ። ጫማው አዲስ ነው።

ወ/ሮ ጥሩወርቅ አዩኝ። «ደሞ ይሄ ምላሰኛ ምን ሊያነብብን ነው? እስቲ ይበል፣ አጥንት ቆጠራውንስ ያውቅበታል!» አሉ፤ ሰው ሳቀ። እጅ ነሣሁ። ይሳቁ። ጥቂት ደቂቃ ቀርቷቸዋል።

ወረቀቱ በጥቁር ቀለም ነው። ራስጌው እንዲህ ይላል፦ አንደኛ ተጠሪ፣ እኔ ሞላ፣ ከመካን ሴት ተወልጃለሁ ብዬ በዚሁ ጉባኤ ፊት ያነበብኩ። ከዚያ የውብዳር፤ ስሟ ሙሉውን፣ አባቷ፣ ወንድሟ፣ ልጆቿ፣ እስከዚች ሙሽራ ድረስ። ከዚያ የሆስፒታሉ ደብዳቤ፦ ከእናትም፣ ከአባትም። ከዚያ እናኑ ሾተላይ የተባለችበት ቃል ይሰረዝልኝ። የመጨረሻው መስመር አፈር መቃም ነበር፤ ሰረዝኩት። መጀመሪያ የምቅመው እኔ ስለሆንኩ ነው እንጂ ለአሮጊቷ አዝኜ አይደለም።

በቀሌን ግን አልተውኩም። በሕግም በቁጥርም የተረጋገጠ ነው፤ የአባቴ ትውልድ ናቸው፣ ሥጋዬ ናቸው፣ ማንም አይፍቀኝም። በሰርግ ከጎናቸው እቀመጣለሁ። በለቅሶ ከድንኳናቸው አልወጣም። በየዓመት በዓሉ ከን/መውጫ ድረስ መጥቼ ጉልበታቸውን ስሜ በግ እጠብቃለሁ። እስከ ዕድሜ ልካቸው።

እየጠሩኝ ነው። እናኑ በዓይኗ ተነሥ አለችኝ። ከማንበቤ በፊት ዘወር ብዬ፣ ዝቅ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርጌ የምላቸውን ቃል አዘጋጅቻለሁ፦

እንዴት አደሩ፣ አክስቴ